ሞቃዲሾ ከሰማይና ከምድር

አንባቢ ሆይ፤ «ብላክ ሆክ ዳውን» የተባለውን የአሜሪካ የጦርነት ፊልም በሲኒማ ቤት ባያዩት፣ በጓደኛ ቤት በቴሌቪዥን ማየትዎ አይቀርም። በዚያ ፊልም ላይ ሄሊኮፕተሮቹ በባሕሩ ዳር ዝቅ ብለው ሲበሩ፣ ከታችም ነጫጭ ቤቶችና አቧራማ መንገዶች ሲታዩ፣ ተመልካቹ ሁሉ «ሞቃዲሾ ማለት ይህች ናት» ብሎ ይነሣል። ነገር ግን ያቺ ከተማ ሞቃዲሾ አይደለችም። በሞሮኮ አገር የምትገኝ ሳሌ የተባለች ከተማ ናት፤ ከመዲናይቱ ከራባት የሚለያትም ቡሬግሬግ የሚባል ወንዝ ብቻ ነው። ባሕሩም የህንድ ውቅያኖስ ሳይሆን አትላንቲክ ነው። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት በ2001 ሥራውን በዚያ ሲያከናውን፣ እውነተኛይቱ ሞቃዲሾ ለካሜራ ቀርቶ ለተራ መንገደኛም የምትመች አልነበረችም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ፊልም ሠሪ አንዱን ከተማ በሌላው ቢተካ ነውር የለበትም፤ የሙያው ደንብ ነው። የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። ፊልሙ ከመሠራቱ 8 ዓመት አስቀድሞ እውነተኛው ዘመቻ የተበላሸው፣ ዘማቾቹም በበኩላቸው ሞቃዲሾን በሌላ ከተማ ተክተዋት ስለ ነበረ ነው። እነርሱ የተኳት ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ በምትታይ ከተማ ነበር። በፎቶግራፍ ላይ ጣራና መንገድ ይታያል፤ በጣራው ሥር ማን እንዳለ፣ በመንገዱም ላይ ጩኸት ሲሰማ ማን እንደሚወጣ አይታይም። ስለዚህ ዛሬ ወደ እውነተኛይቱ ከተማ በሐሳብ አብረን እንሂድና፣ የነገሩን ምክንያት በመንገዶቿ ላይ እንፈልገው።

የአገሬው ሰው ሞቃዲሾን ሐመር ይላታል። በባሕሩ ጠርዝ ላይ ሐመር ወይኔና ሻንጋኒ የሚባሉ ሁለት የጥንት ሠፈሮች አሉ፤ የፈኽረዲን መስጊድ በ13ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። ኢጣልያኖች በ1928 የጨረሱት ትልቅ ካቴድራልም ነበረ፤ አሠራሩ በሲሲሊ የሚገኘውን የቼፋሉን ካቴድራል የተከተለ ሲሆን በእርስ በርሱ ጦርነት ፈራርሷል። ይሁን እንጂ ስለዚህች ከተማ ጠባይ ከድንጋዩ ይልቅ የሚነግረን አንድ የጥንት መንገደኛ ነው።

ኢብን ባቱታ የተባለው የሞሮኮ ሰው በ1331 መርከቡ በሞቃዲሾ ወደብ ሲቆም ያየውን ጽፏል። ጎረምሶች በትንንሽ ጀልባዎች እየቀዘፉ ወደ መርከቡ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱም ክዳን ያለው የምግብ ሳሕን ይዟል። ሳሕኑን ለአንድ ነጋዴ አቅርቦ «ይህ የኔ እንግዳ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ነጋዴው የሚያርፈው በዚያ ሰው ቤት ነው፤ የሚሸጠውም የሚገዛውም በእርሱ አማካይነት ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት የተደረገ ሽያጭ እንደ ሽያጭ አይቈጠርም። ኢብን ባቱታ ነጋዴ ሳይሆን የሃይማኖት ሊቅ መሆኑ በተነገረ ጊዜ ደግሞ፣ የከተማው ቃዲ ራሱ እስከ ባሕሩ ዳር ወርዶ ተቀበለው። ሶማሌዎች እንዲህ ያለውን የእንግዳ ዋስና ጠባቂ «አባን» ይሉታል። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1854 ከዘይላ ወደኛ ሐረር ሲነሣም ያለ አባን ሊንቀሳቀስ አልቻለም። እንግዲህ በዚህ አገር ያለ ባለቤት የመጣ እንግዳ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

አሁን ከባሕሩ ዳር ተነሥተን ወደ ውስጥ እንግባ። አይሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በደቡብ ምዕራብ፣ በውቅያኖሱ አሸዋ ላይ ነው። ከዚያ የሚወጣው መንገድ «ኪሎ ሜትር 4» ከሚባለው አደባባይ ያደርሳል፤ እኛ «አራት ኪሎ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ከአደባባዩ አልፎ ወደ ውስጥ የዘለቀ ሰው ባካራ ገበያን ያገኛል። ባካራን ለማስረዳት ለአዲስ አበባ ሰው መርካቶን መጥቀስ ይበቃል፤ እህል በአንድ ተራ፣ ጨርቅ በሌላ ተራ፣ መድኃኒት በሌላ ተራ ይሸጣል። መንግሥት በጠፋበት ዘመን የጦር መሣሪያ ተራም ነበረበት፤ ስሙን «ሰማይ ተኳሾች» ይሉት ነበር፤ ገዢው ጠመንጃውን ወደ ላይ ተኩሶ ሳይሞክር ስለማይገዛ ነው። ከገበያው አጠገብ፣ ሐውልወዲግ በሚባለው መንገድ ላይ ኦሊምፒክ የተባለ ሆቴል ነበረ። ከአይሮፕላን ማረፊያው እስከዚህ ድረስ ያለው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሄሊኮፕተር ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። በምድር ግን፣ በዋናዎቹ መንገዶች መካከል ያለው ሁሉ የአሸዋ መተላለፊያ፣ ግንብ አጥርና ግቢ ነው፤ ሰፈሩን የማያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ ከታጠፈ ምሥራቅና ምዕራቡ ይጠፋበታል።

ወታደሮቹ ወደዚህ እንዴት መጡ? ነገሩን በአጭሩ ላሳልፈው። ዚያድ ባሬ በጥር 1991 ከከተማይቱ ከሸሸ በኋላ፣ ጄኔራል መሐመድ ፋራህ አይዲድና አሊ ማህዲ ሥልጣን ተሻምተው ከተማይቱን ለሁለት ከፈሏት። በ1992 ረኃብ ገባ። በታኅሣሥ ወር የአሜሪካ ወታደሮች እህሉን ለማስጠበቅ በባሕሩ ዳር ወረዱ፤ ብዙ ሰውም ከሞት ተረፈ። በመጋቢት 1993 የሶማሊያ ቡድኖች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው የሰላም ስምምነት ፈረሙ። በግንቦት ሥራው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጦር ተላለፈ። ሰኔ 5 ቀን 24 የፓኪስታን ወታደሮች ተገደሉ፤ በማግሥቱ የጸጥታው ምክር ቤት ጥፋተኞቹ እንዲያዙ ወሰነ፤ በአይዲድም ራስ ላይ 25,000 ዶላር ወሮታ ተነገረ። እህል ለማደል የመጣ ጦር በስድስት ወር ውስጥ አንድ ሰው አዳኝ ሆነ።

እዚህ ላይ ፊልሙ የማይነግርዎትን አንድ ቀን መጥቀስ አለብኝ። ሐምሌ 12 ቀን 1993 የአይዲድ ጎሣ ሽማግሌዎችና ሹማምንት በአንድ ትልቅ ቤት ተሰብስበው ሲነጋገሩ፣ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ቤቱን በሚሳይል መቱት። የተባበሩት መንግሥታት ሰዎች የሞቱት 20 ናቸው አሉ፤ ቀይ መስቀል 54 አለ፤ የአይዲድ ወገን 73 አለ። ሥፍራውን ለማየት ከሄዱት የውጭ አገር ጋዜጠኞችም አራቱን የተቈጣው ሕዝብ ገደላቸው። ከዚያ ቀን በፊት ከአይዲድ ጋር ያልተስማማ የጎሣው ሰው ብዙ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የሄሊኮፕተር ድምፅ በተሰማ ቍጥር ጠመንጃ ያለው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣ ጀመር። ፊልሙ ይህን ቀን ስላላሳየ፣ ተመልካቹ የሚያየው ያለ ምክንያት ከየቀዳዳው የሚፈልቅ ጠላት ብቻ ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ሬንጀርስና ዴልታ የተባሉ የተመረጡ ወታደሮች በጄኔራል ዊልያም ጋሪሰን አዛዥነት መጡ። የመጀመሪያው ወረራቸው ያመጣላቸው ምርኮ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የራሱን ሠራተኞች ነበር! በሌላ ጊዜም ወዳጅ የነበረ የሶማሌ ጄኔራል ያዙ። ከሰማይ ሲታይ ሰው ሁሉ አንድ ነውና። መስከረም 21 ቀን ግን የአይዲድን ባለገንዘብ ዑስማን አቶን በእውነት ያዙት፤ ይህም ዘዴው እንደሚሠራ አስመሰለ። ዘዴው ሁልጊዜ አንድ ነበረ፦ ሄሊኮፕተሮች በድንገት ይመጣሉ፤ ወታደሮች በገመድ ይወርዳሉ፤ አራቱን ማዕዘን ይዘጋሉ፤ መኪናዎች ደርሰው ምርኮኛውን ይጭናሉ። ስድስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። በአይዲድ ወገን ደግሞ በውጭ አገር የጦር ትምህርት የተማሩ መኰንኖች ነበሩ፤ ስድስቱንም ጊዜ ተቀምጠው አጠኑት። ጠላት በሰባተኛው ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ነቢይ መሆን አላስፈለጋቸውም። የሄሊኮፕተሩ ደካማ ቦታ የጅራቱ መዘውር መሆኑን ተረዱ፤ አርፒጂ የተባለው መሣሪያ ወደ ላይ ሲተኰስ የኋላ እሳቱ ተኳሹን እንዳያቃጥለው መሬቱን መቈፈር ተማሩ። መስከረም 25 ቀን አንድ ብላክ ሆክ በዚሁ መሣሪያ ተመትቶ ሦስት አሜሪካውያን ሞቱ። ማስጠንቀቂያው በቂ ነበረ። በዚያው ወር በሞቃዲሾ የነበረው የአሜሪካ ጦር አዛዥ ታንክና ብረት ለበስ መኪና እንዲላክለት ቢጠይቅ፣ የመከላከያው ሚኒስትር ሌስ አስፒን አልፈቀዱም።

ሰባተኛው ቀን እሑድ ጥቅምት 3 ቀን 1993 ነበር፤ በኛ አቆጣጠር መስከረም 23 ቀን 1986 ዓ.ም.። በኦሊምፒክ ሆቴል አጠገብ ባለ ቤት ሁለት የአይዲድ አማካሪዎች ተሰብስበዋል ተባለ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ 160 ሰዎች፣ 19 ሄሊኮፕተሮችና አይሮፕላኖች፣ 12 መኪናዎች ተንቀሳቀሱ። ጕዳዩ ከአንድ ሰዓት አያልፍም ተብሎ ስለ ታሰበ፣ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ የጨለማ መነጽራቸውን በሠፈር ተዉት፤ ኮዳቸውን ያልሞሉ፣ ከባዱን የጀርባ ብረታቸውን ያወለቁም ነበሩ። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አይመልከቱት። ሰው ዕቅዱን ምን ያህል እንዳመነው የሚታወቀው ከቤት ሲወጣ ትቶት በሚሄደው ዕቃ ነው።

የሚያስቀው፣ ማሳቅ ከተቻለ፣ ዋናው ሥራ በትክክል መፈጸሙ ነው። ሁለቱን አማካሪዎች ጨምሮ 24 ሰዎች ተያዙ። ነገር ግን በከተማይቱ ውስጥ ጎማ ይቃጠል ጀመር፤ በድምፅ ማጉያም ሰው ከቤቱ እንዲወጣ ይጠራ ነበር። 10 ሰዓት ከ20 ላይ የመጀመሪያው ብላክ ሆክ ወደቀ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ዘመቻው ሰው መያዝ መሆኑ ቀርቶ የወደቁትን መፈለግ ሆነ፤ ለዚህም ዝግጁ ዕቅድ የነበረው ለአንድ ሄሊኮፕተር ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሥፍራ ጋሪ ጎርደንና ራንዲ ሹጋርት የተባሉ ሁለት ወታደሮች የቈሰለውን አብራሪ ማይክል ዱራንትን ለማዳን ራሳቸው ጠይቀው ወርደው ሞቱ፤ የአገራቸው ትልቁ የጀግንነት ሜዳይ ከሞቱ በኋላ ተሰጣቸው። ዱራንት ተማርኮ ከ11 ቀን በኋላ ተለቀቀ።

መሥሪያ ቤት የሚውል አንባቢ ካለ፣ አሁን የምነግረውን ነገር ከማንም ይልቅ እርሱ ይረዳዋል። ምርኮኞቹን የጫነው የመኪና ሰልፍ ወደ መጀመሪያው የወደቀ ሄሊኮፕተር እንዲሄድ ታዘዘ። ሥፍራው ጥቂት መንገድ ብቻ ይርቃል። መኪናዎቹን የሚያይ የቅኝት አይሮፕላን በላይ ነበረ፤ ነገር ግን አይሮፕላኑ ከሰልፉ መሪ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር አልተደረገም። ያየውን ለጦር ሠፈሩ ይናገራል፤ ሠፈሩ ለአዛዡ ሄሊኮፕተር ይናገራል፤ ሄሊኮፕተሩ ለሰልፉ መሪ ይናገራል። «ወደ ግራ ታጠፍ» የሚለው ቃል ሲደርስ መኪናው መታጠፊያውን አልፎታል፤ የሚቀጥለውን ይታጠፋል፤ እርሱም ሌላ መንገድ ነው። ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ወደ ክፍል ሹም፣ ከክፍል ሹም ወደ ዳይሬክተር እስኪሄድ ባለጕዳዩ ደጅ ላይ እንደሚያረጀው ማለት ነው፤ ልዩነቱ በዚህ በኩል ከየመስኮቱ ጥይት መዝነቡ ነው። ሰልፉ በዚያች አንዲት ሰፈር ውስጥ ሲዞር፣ አንዳንዱን መንገድም ሁለት ጊዜ ሲያልፍ ቆይቶ፣ ሄሊኮፕተሩን ሳያገኝ፣ ከሰዎቹ ብዙዎቹ ሞተውና ቈስለው ወደ አይሮፕላን ማረፊያው ተመለሰ። ከላይ የሚያዩት ሁሉ መንገዱን ያያሉ፤ ከታች ያለው ግን ግንብ ብቻ ያያል።

በመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ዙሪያ 90 ያህል ወታደሮች በየቤቱ ተጠልለው ሌሊቱን አነጉ። ማን ያውጣቸው? ብረት ለበስ የነበራቸው የማሌዢያ ወታደሮች፣ ታንክ የነበራቸውም ፓኪስታናውያን ናቸው። ነገር ግን ዘመቻው ምሥጢር ስለ ነበረ ለእነርሱ አስቀድሞ አልተነገራቸውም ነበር። ስለዚህ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ጦር በወደቡ ላይ በጨለማ ተሰብስቦ፣ በካርታ ላይ ተመካክሮ እስኪነሣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት አለፈ፤ ከተከበቡት ሰዎች ዘንድ የደረሰው 8 ሰዓት ግድም ነው። በነጋታውም ጥዋት የተረፉት ወደ ስታዲየሙ፣ ወደ ፓኪስታናውያን ሠፈር ወጡ። በውጊያው 18 አሜሪካውያንና አንድ የማሌዢያ ወታደር ሞቱ። የሶማሌው ሙታን ግን በስም አልተቈጠሩም፤ 300 የሚል አለ፣ ከ1,000 በላይ የሚልም አለ፤ ከነዚህም ውስጥ ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

ስለ ፊልሙ ፍርዴን ልስጥ። ለውጊያው ድምፅና ድንጋጤ ሐቀኛ ነው፤ በመሰናዳቱና በድምፁ ሁለት የኦስካር ሽልማት ማግኘቱም ተገቢ ነው። ሄሊኮፕተሮቹን ያበደረው የአሜሪካ መከላከያ ራሱ ስለ ሆነ፣ ሲበሩ የሚታዩት የሥዕል ብልሃት አይደሉም። (በመግቢያው ላይ በፕላቶን ስም የተጻፈው ቃል ግን በፕላቶን መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም።) ጉድለቱ ያለው ከምድር በኩል ነው። ማሌዢያውያንና ፓኪስታናውያን ለአንድ አፍታ ታይተው ያልፋሉ፤ የፓኪስታኑ ፕሬዚዳንት ሙሻረፍ ስለዚህ በመጽሐፋቸው ቅሬታቸውን ጽፈዋል፤ ማሌዢያውያን ደግሞ «ማልባት፦ ሚሲ ባካራ» የተባለ የራሳቸውን ፊልም በ2023 አወጡ። ዑስማን አቶም ፊልሙን ካየ በኋላ «እኔ በተያዝኩ ጊዜ የነበረኝ አንድ ፊያት ብቻ ነበር፤ ፊልሙ ሦስት መኪና ሰጠኝ፤ በዚያን ቀን የሞቱትን ሰዎች ግን ረሳቸው» የሚል ይዘት ያለው አቤቱታ ለጋዜጠኞች ተናግሯል።

በጥር 2002 የፊልሙ ሕገ ወጥ ቅጂ ሞቃዲሾ ደረሰና በየቪዲዮ ቤቱ ታየ። ከተማይቱ ስለ ራሷ የተሠራውን ፊልም ጥቂት ሳንቲም እየከፈለች ተመለከተች። አሜሪካዊ በወደቀ ቍጥር ወጣቶቹ ያጨበጭቡ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ «ይህ የኛ ሰፈር አይደለም፤ ቋንቋውም የኛ አይደለም» ይሉ እንደ ነበር አያጠራጥርም፤ በፊልሙ ውስጥ ሶማሌ ሆነው ከሚጫወቱት ዋና ዋናዎቹ አንድም ሶማሌ አልነበረምና።

ከውጊያው በኋላ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ጦሩ እንዲመለስ አዘዙ፤ በመጋቢት 1994ም ተጠቃሎ ወጣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሩዋንዳ እልቂት ሲጀመር ወደ አፍሪካ ጦር ለመላክ የደፈረ አልነበረም፤ ሞቃዲሾ በሁሉም ልብ ውስጥ ነበረች። አይዲድስ? በሰኔ 25,000 ዶላር የተነገረበት ያ ሰው፣ በታኅሣሥ 1993 በአሜሪካ የጦር አይሮፕላን ተጭኖ ለሰላም ንግግር አዲስ አበባ መጣ! የኛም ወታደሮች ከ2006 መጨረሻ እስከ ጥር 2009 ድረስ በሞቃዲሾ ቆይተዋል፤ እነዚያን መንገዶች ከምድር ሆነው የሚያውቋቸው ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ ታሪካቸው ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ስብርባሪ በወደቀበት ጠባብ መንገድ ዳር ቁልቋል በቅሎበት 20 ዓመት ቆየ፤ በ2013 ከዚያ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ ተወሰደና በሙዚየም ተቀመጠ። ባካራ ገበያ ግን በቦታው ነው፤ ዛሬ ነጋዴው ዋጋውን የሚቀበለው በስልክ ነው። በ2025 የወጣ አንድ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም የዚያን ሰፈር ሰዎች፣ ቤታቸው በሌሊቱ ውጊያ መካከል የነበረባቸውን ሴቶች ሳይቀር፣ በራሳቸው ቋንቋ እንዲናገሩ አድርጓቸዋል። አሜሪካውያን ያንን ቀን «የሞቃዲሾ ውጊያ» ይሉታል። የሰፈሩ ሰዎች ግን «ማሊንቲ ሬንጀርስ» ይላሉ፤ በኛ ቋንቋ «የሬንጀሮቹ ቀን» ማለት ነው።